ቀይዋ ባለ ሁለት በር

ሰው በሰው ሚስት፣ በሰው ሹመት፣ በሰው መሬት ይቀናል። እኔ በሰው መኪና የኋላ ወንበር ቀንቻለሁ። ዛሬም ያ ሰፊ የኋላ ወንበር ትዝ ሲለኝ ቆሽቴ ያርራል። "እሱ እኮ ያለፈ ነገር ነው" እያሉ የሚያጽናኑኝን ሰዎች አልወዳቸውም። ለእነሱ አልፎ ይሆናል።

ጊዜው ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነበር። እኔ ከደሴ መጥቼ አርባ ምንጭ፣ ከዳገቱ በላይ ባለው በሴቻ ሰፈር፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመስኖ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ከጠረጴዛዬ ጎን የጓደኛዬ ጠረጴዛ ነበር። እሱ የዚያው የጋሞ ልጅ ነው፤ እናቱ ላንቴ የሚባል የገጠር ቀበሌ ውስጥ ሙዝ ያለማሉ። ቀስ ብሎ የሚያወራ፣ ቀስ ብሎ የሚበላ፣ ምራቁን የዋጠ ሰው ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ሥራችን ብዙውን ጊዜ ከታችኛው ሰፈር፣ ከሲቀላ በታች ያለው እርሻ ላይ ስለሆነ ጠዋት አብረን በሚኒባስ እንወርዳለን፣ ማታ አብረን እንወጣለን። ያኔ አንዳችን በሌላው አንቀናም ነበር፤ ሁለታችንም የሚቀናበት ነገር አልነበረንማ።

ከግቢያችን ፊት ለፊት አንዲት አስተማሪ ከአክስቷ ጋር ትኖር ነበር። የምታስተምረው ሲቀላ ነው። ጠዋት ሚኒባስ ስንጠብቅ እሷም አጠገባችን ትቆማለች። ረዳቱ "ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ" ሲል እኔ ደስ እያለኝ እጠጋለሁ። እሷን ለማግባት ወስኜ ነበር። የቀረኝ ለእሷ መንገር ብቻ ነው። ለጓደኛዬ ግን ነግሬዋለሁ፤ "ጥሩ ልጅ ናት" አለኝና ዝም አለ። ያ ዝምታው ዛሬም ይቆረቁረኛል።

በዚህ መሃል አባያ ዳር በዓሣ ሥራ ላይ የነበሩ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሊሄዱ ሆነና ሁለት መኪናዎቻቸውን ሊሸጡ መሆናቸውን ሰማን። እኔ አባቴ ሱቁን ሸጦ ያካፈለኝ ገንዘብ ነበረኝ፤ ለጓደኛዬም ቤተሰቦቹ የሙዙ ምርት ስለሰመረላቸው ሊያግዙት ቃል ገብተውለታል። አንድ ቅዳሜ ወርደን መኪናዎቹን አየን።

የባልየው መኪና ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ የጨርቅ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የእሽቅድምድም ዓይነት ናት። እንዲህ ያለችውን መኪና ለምን እዚያ ድረስ እንዳመጣት እግዜር ይወቀው። ከፊት ሁለት ወንበር አላት። ከኋላ ያለው የቦርሳ ማስቀመጫ እንጂ ወንበር አይባልም። የሚስትየዋ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ባለ አራት በር የቤት መኪና ናት። ሲያዩዋት የኃላፊ መኪና ትመስላለች እንጂ ሞተሯ ጉልበተኛ ነው፤ ፈረንጇ ራሷ፣ ዳገት ላይ ከቀይዋ ብትበልጥ እንጂ አታንስም ብላናለች። እኔ አልሰማኋትም። ዓይኔ ቀይዋ ላይ ተተክሎ ቀርቶ ነበር።

ተመልሰን ከግቢያችን ማንጎ ሥር ቁጭ ብለን ስንከራከር ዋልን። ሁለታችንም መኪና የፈለግነው ለሠርክ ነው፤ ከሴቻ ሲቀላ ለመውረድ፣ እርሻ ለመድረስ፣ እሑድ እሑድ ወጣ ለማለት። ጓደኛዬ ስለ መንገዱ ድንጋይ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ መለዋወጫ እያነሳ ሁለቱንም መኪናዎች በየተራ ያመሰግናል እንጂ የቱን እንደሚፈልግ አይናገርም። በመጨረሻ፣

"አንተ እንግዳ ነህ፤ ቀድመህ ምረጥ" አለኝ።

እዚያ አገር ወጉ ነው፤ እንግዳ ካለ ምግቡ ቀድሞ ለእሱ ይቀርባል፣ ደህናው ወንበር ለእሱ ይለቀቃል። እኔ ግን ተናደድኩ። ስንት ዓመት ኖሬ፣ የወባ ክኒን እንደ ቆሎ ቅሜ፣ ገና እንግዳ ነኝ። እሱ በአገሩ፣ በእናቱ ማሳ፣ በቋንቋው ተደላድሎ ተቀምጦ እኔን በእንግድነት ይጋብዘኛል። በዚያን ቀን እንኳ፣ ገና ምንም ሳይኖረው፣ ቀናሁበት። "እንግዲያው ቀይዋ የኔ ናት" አልኩ። እሱ "መልካም" ብሎ ተነሳና እጁን ታጠበ።

ስለ ግዢው ጣጣ አላወራም። ቀይዋን እየነዳሁ ሴቻ የገባሁ ቀን ሕፃናት ከኋላዬ ሮጡ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። የጓደኛዬን መኪና ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለአስተማሪዋ በአፌ ልነግራት ያቃተኝን ይህች መኪና ትነግርልኛለች ብዬ አመንኩ።

ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ የምትጠብቅበት ቦታ ሄጄ ቆምኩ፤ ጎንበስ ብዬ የጋቢናውን በር ከውስጥ ከፈትኩላት። አልገባችም። ከደጅ እንደቆመች፣ መኪናዋን አየት አድርጋ፣ ቆንጆ መሆኗን ተናገረችና፣

"ግን ይህች የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት እዚህ ከተማ ውስጥ ለብቻቸው ከታዩ፣ ሲቀላ ሳይደርሱ ወሬያቸው ይደርሳል" አለችኝ።

አክስቷ ከአጥሩ በላይ እያዩን ነበር። ከኋላዬ የጓደኛዬ ጥቁር ሰማያዊ መጥታ ቆመች። ሁለት አስተማሪዎች ቀድመው ከኋላ ገብተዋል፤ አንድ ሽማግሌ መምህር ጋቢና ተቀምጠዋል። እሷ ሴቶቹን "ጠጋ በሉ" ብላ ገባች። አክስቷ ለጓደኛዬ በእጃቸው ሰላምታ ሰጡት። እኔ የከፈትኩትን በር ጎንበስ ብዬ ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የየዕለት ሆነ። ጠዋት ጠዋት እኔ ብቻዬን በቀይዋ፣ እሱ በአስተማሪ ተሞልቶ፣ አንድ አስፋልት ላይ እንወርዳለን። የምሄደው ከኋላቸው ነው፤ ቀድሜ ማለፍ አቅቶኝ ሳይሆን ጭንቅላቷን በኋላው መስታወት ለማየት ነው። ስትስቅ ወደ ፊት ጎንበስ ትላለች። ምን ብሎ እንዳሳቃት ለማወቅ ግማሽ ዕድሜዬን እሰጥ ነበር። እሱ እኮ ቀልድ አያውቅም። ከእኔ ጋር ያን ሁሉ ዘመን ኖሮ አንድ ቀን አስቆኝ አያውቅም።

አንድ እሑድ አባያ ዳር ወርደን ዓሣ እንድንበላ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሷም እሺ አለች፤ ግን ታናሽ እህቷንና ሁለት ጓደኞቿን ይዛ። እንግዲህ ሁሉም የት ይግቡ? ጥቁር ሰማያዊዋ ውስጥ ገቡ። የእኔ ግብዣ በእሱ መኪና ተጭኖ ሄደ፤ እኔ ከሎሚውና ከሚጥሚጣው ጋር ተከተልኳቸው። ወደ ሐይቁ የሚያስገባው መንገድ ጭቃ ደርቆ የተሰነጣጠቀበት ነው። የእሱ መኪና እየተወዛወዘች አለፈች። የእኔዋ ሆዷ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጎማዎቿ ያለ ሥራ መሽከርከር ጀመሩ። ሁሉም ወርደው ገፉ። አስተማሪዋ ጫማዋን አውልቃ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ትገፋለች፤ ጓደኛዬ ከጎኗ ሆኖ፣ "አንቺ ተይው፣ ይከብድሻል" ይላታል። መሪውን ይዤ እነሱን በስፖኪዮ እያየሁ መኪናዋ ባትወጣ ይሻለኛል ብዬ ነበር። ወጣች። ዓሣውን ስበላ አጥንቱን ከሥጋው መለየት አቃተኝ።

ዳገቱ እንኳ ለእኔ አላደላም። አንድ ቀን ከሲቀላ ወደ ሴቻ ስንመለስ፣ እሱ አምስት ሰው ጭኖ፣ እኔ ብቻዬን፣ ዛሬስ አሳየዋለሁ ብዬ ማርሽ ቀይሬ ወጣሁበት። መጠምዘዣው ላይ ፍየል ገባችብኝና ፍሬን ያዝኩ። እሱ በጎኔ ቀስ ብሎ፣ ክላክስ እንኳ ሳያሰማ አልፎኝ ሄደ። ፈረንጇ እውነቷን ነበር። ከኋላ ያሉት አስተማሪዎች እጃቸውን አወዛወዙልኝ፤ እሷም አወዛወዘች።

የዚያ ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል ጓደኛዬ ቢሮ ውስጥ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

"አክስቷ ጋ ሽማግሌ ልልክ ነው" አለኝ።

ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ነግሬህ አልነበረም ወይ አልኩት።

"ነግረኸኛል። ለእሷ ግን አልነገርካትም።"

"አንተስ መቼ ነገርካት?"

"እኔም አልነገርኳት። ጠዋት ጠዋት አብረን እንሄዳለን፣ ማታ አብረን እንመለሳለን። እንዲሁ ሆነ" አለኝ።

ልደበድበው ፈልጌ ነበር። ግን በምን አባቴ ልክሰሰው? መጀመሪያ የመረጥኩ እኔ ነኝ። ሁለቱም መኪናዎች ፊቴ ቆመው፣ ሁለቱም በሬን ክፈት እያሉኝ፣ እኔው በጣቴ ጠቁሜ ያችን ወሰድኩ። ምናልባት እሱ ከመጀመሪያው አስቦት ይሆናል እላለሁ፤ እንግዳ ነህ ብሎ ያስቀደመኝ አገሩንም አክስቷንም ስለሚያውቅ ነው እላለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ተንኮል የሚመጣው ለእኔ እንጂ ለእሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህን ማወቄ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል፤ በደግነቱም ቀናሁበት ማለት ነው።

ሠርጉ ሊደርስ ሰሞን ወደ ክፍሌ መጣ። መኪናህን ለሠርጉ ብትሰጠን አለኝ፤ አንተው እየነዳህ። ቅናቴ ሁሉ ለአንዲት ደቂቃ ጠፋ። መቼም ሙሽራን ከቀይዋ የተሻለ የሚያሳምራት መኪና በከተማው የለም፤ በመጨረሻ ወንበሬ ላይ ልትቀመጥ ነው፣ በነጭ ልብስ ቢሆንም፣ ለእሱ ቢሆንም። ሪባኑን ከየት በኩል እንደማስረው ሳስብ፣ እሱ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ፣

"ጣሪያዋ ይከፈታል አይደል? ቪዲዮ አንሺው ቆሞ ወደ ኋላ እንዲያነሳ ነው" አለኝ።

ሙሽራማ ብቻዋን አትቀመጥም። ከጥቁር ሰማያዊዋ ኋላ፣ ከሙሽራውና ከሚዜዋ መሃል ነው የምትቀመጠው። ያን ሰፊ ወንበር ፈጣሪ ለዚህ ቀን ያዘጋጀው ይመስል ነበር። እምቢ ማለት እችል ነበር። እምቢ ብል ግን ሌላ መኪና ይገኛል፣ እኔም ከሩቅ ሆኜ መስማት እንጂ ማየት አልችልም። እሺ አልኩት።

እንዲህ ሆኖ የእሷን ሠርግ ከፊት ሆኜ መራሁት። ከሴቻ ተነስተን፣ ፍሬቻ እያበራን፣ ክላክስ እያሰማን፣ ሲቀላን ዞረን ወደ ላንቴ አቀናን። ቪዲዮ አንሺው ከሲቀላ የመጣ ወፍራም ሰው ነው፤ ጫማውን አውልቆ የጋቢናው ወንበር ላይ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ቆሟል። "ቀስ በል፣ ቀስ በል፣ ፊቷ ይንቀጠቀጥብኛል" እያለ ያዝዘኛል። ለሩጫ የተሠራችውን መኪና በአህያ እርምጃ አስነዳኝ። እኔ መንገዱን ከማየት ይልቅ ስፖኪዮውን እያየሁ፣ ከግራም ከቀኝም እልልታ እየሰማሁ፣ እሷን ይዤ ሳይሆን ጎትቼ እንደማስረክብ ሆኜ ላንቴ አደረስኳት። በሙዝ ቅጠል ባጌጠው በር ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ከእኔ መኪና ጎን አልፎ ወደ ኋለኛዋ ሮጠ። ከዚያ ወደ ቅጽሩ የገቡት በጭፈራ ነው። እኔ ሞተሯ ስለጋለ ውኃ ልጨምርላት ወደኋላ ቀረሁ። ውኃውን ጨምሬም አልገባሁም፤ ራሴን አሞኛል ብዬ ተመለስኩ።

ከሳምንታት በኋላ ካሴቱ ደረሰና ቤታቸው ተጠራሁ። ዴክ ተከራይተዋል። ጎረቤቱ፣ አስተማሪዎቹ፣ አክስቷ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ራሱን ይፈልጋል፤ ራሱን ያገኘ ሁሉ በጣቱ እያመለከተ ይስቃል። እኔም ቀይዋን ፈለግኳት። ሲቀላ ታየች፣ መንገዱ ታየ፣ የሙዝ የጭነት መኪና ላይ ቆመው የሚያጨበጭቡ ወዛደሮች ታዩ፤ ጥቁር ሰማያዊዋ ከነሪባኗ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታየች። የእኔ መኪና አንድም ቦታ የለችም። ካሜራው ያለው እኔ መኪና ላይ ነዋ። ሰው ሁሉ እንዲያያት ብዬ ከሁለት መኪና የመረጥኳት መኪና፣ በዚያ ሁሉ አጀብ ውስጥ ብቸኛዋ የማትታይ ሆነች።

አንድ ቦታ ላይ ሙሽራዋ ቀና ብላ ወደ ፊት፣ ወደ እኛ፣ አይታ ፈገግ ትላለች። መልሱልኝ አልኩ፤ ጓደኛዬ ተነስቶ መለሰልኝ። ሁለተኛ ሳየው ፈገግታው ከእኔ ራስ በላይ፣ ለወፍራሙ ቪዲዮ አንሺ መሆኑ ገባኝ። በእሱም ቀናሁ።

ካሴቱ ሲያልቅ አክስቷ ወደ እኔ ዞሩ። ሽሙጥ የማያውቁ ሴት ናቸው፤ ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ።

"አንተ ልጄ፣ የት ሄደህ ነው? የሠርጉ ቀን አልነበርክም እንዴ?"

ከፊት ነበርኩ አልኳቸው። ከፊት ከፊት ስሄድ ነበር።

"እሺ፣ እሺ" አሉኝና ለሚዜዎቹ ሻይ እንዲጨመርላቸው አዘዙ።

ቀይዋን በዓመቱ አዲስ አበባ ወስጄ ሸጥኳት። ካሴቱ ግን እነሱ ቤት አለ፤ ልጆቻቸውም አድገው እንደሚያዩት ሰምቻለሁ። ያንን ካሴት ለሚያይ ሰው ሁሉ፣ እኔ ሠርጋቸው ላይ አልነበርኩም።