ጭን ላይ የማይቀመጠው ኮምፒውተር

ደብረ ማርቆስ ላይ የጽሕፈትና የዲዛይን ቤት ስከፍት፣ ከሁሉ በፊት መወሰን የነበረብኝ ትልቁን የጠረጴዛ ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ ላፕቶፕ የሚለውን ነበር። ለነገሩ እኔ ወስኜ ጨርሻለሁ፤ ሰው የማማክረው “ልክ ነህ” እንዲለኝ ብቻ ነው። የሚሊኒየሙ በዓል ባንዲራ ገና ከየሱቁ ደጅ አልወረደም፤ እኔም በዘመኑ ልክ መታየት አለብኝ።

ፊት ለፊቴ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ነጋዴ ጎረቤት ነበረኝ። “ወንድሜ፣ የእኛ አገር መብራት እንግዳ ነው፤ ሲሄድ እንኳ አይሰናበትህም። ባትሪ ያለውን ላፕቶፕ ውሰድ” አለኝ። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ! “ጭን ላይ የሚቀመጠውማ ሕፃን ነው” አልሁት። እሱ አልሳቀም፤ ብቻዬን ሳቅሁ።

ትልቁ መጣ። ፊልም የሚሠራበት፣ ሕንጻ የሚነደፍበት ማሽን ነው እያልሁ ለመንገደኛው ሁሉ አወራሁ። ከዚያማ “የዓመት ፈቃድ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ” የሚል ማመልከቻ ጻፍሁበት። የሠርግ መጥሪያም ሠራሁበት። ሲነሣ እንደ እህል ወፍጮ ስለሚያጓራ፣ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው ሁሉ ጉዳዩን እየጮኸ ነበር የሚነግረኝ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከሮብ ገበያ ወዲያ ባለች ደብር ቅኔ ያስተምሩ፣ ብራናም ይጽፉ ነበር። ላፕቶፑን ለምን እንደናቅሁት ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ “እኔስ አርባ ዓመት ዳዊት የጻፍሁት ጭኔ ላይ አይደል?” አሉኝ። እውነት ነው፤ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነው የሚጽፍ። እኔ ግን ተማርሁ ባይ ነኛ! “አባባ፣ ይኼ ሌላ ነው” አልኋቸው።

ያን ጊዜ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ብዕር አልይዝ ብሏቸው ነበር። የሞቱት መምህራቸው የተቀኟቸው አሥራ ሁለት ቅኔዎች ግን ብራና ላይ አልሰፈሩም። ያሉት በአባቴ ቃል ብቻ ነው። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይሉኛል በሄድሁ ቁጥር። “ሳልረሳቸው ጻፍልኝ።”

ኮምፒውተሬ ወደ እሳቸው አይወጣ፤ ቢወጣም ደብሩ መብራት የለው። ስለዚህ አባቴ በዚያ ዕድሜያቸው በጭነት መኪና ጋቢና እየተናጡ ወደ ማሽኑ ወረዱ። በወጉማ ሊቅ ዘንድ ተማሪ ይሄዳል እንጂ ሊቅ ወደ ተማሪ አይመጣም ነበር!

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በመቋሚያቸው ወለሉን ቀስ እያሉ እየነኩ፣ ጠዋቱን ሙሉ በቃላቸው አወረዱልኝ። እኔም ጻፍሁ። ሴቭ አላደረግሁም፤ መጨረሻ ላይ ማለፊያ የግዕዝ ርእስ ሰጥቼ በክብር አስቀምጠዋለሁ ብዬ ነው። አሥራ ሁለተኛው አለቀና “ተፈጸመ” ብለው ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ። ርእሱን ምን ልበለው እያልሁ ጣራ ጣራ ሳይ ወፍጮዬ ዝም አለ።

“ምን ሆነ?” አሉ አባቴ።

“ጠፋ!” አልሁ ሳላስበው።

“ምኑ?”

“መብራቱ ነዋ፣ አባባ።”

“ቅኔውስ?”

“እሱማ የት ይሄዳል? ውስጡ አለ።”

በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ አንዲት ቤት ሳልቆጥር የወጣሁ ሰው ነኝ። ሰምና ወርቅ ያለው ነገር በሕይወቴ የተናገርሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሰሙ መብራት፣ ወርቁ የእሳቸው ድካም። አባቴ ግን ወርቁን አልፈለጉትም። ልጃቸውን አመኑ፣ መርቀውኝ ሄዱ።

መብራቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ማሽኑን ከፍቼ እየተሳልሁ እየለመንሁ ፈለግሁ፤ ባዶ ገጽ። በነጋታው ሄጄ እውነቱን ብነግራቸው ምን ነበረበት? ሥራ በዛብኝ አልሁ። ሥራ አልበዛብኝም፤ ፈርቼ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጎረቤቴ ዘንድ ላፕቶፕ ልገዛ ገባሁ። ወይ ነገረኛ፣ ያችን ቃል ይዟታል ለካ! “ሕፃኑን ልጠቅልልህ?” አለኝ።

ባትሪውን ሞልቼ ወጣሁ። አባቴ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። “እንደ ጸሐፊ ተቀመጥህ” ብለው ደስ አላቸው።

“አባባ፣ ቅኔዎቹን እስቲ እንደገና ይበሉልኝ፤ ለማስተያየት ነው” አልሁ። ሁለተኛ ውሸት።

የመጀመሪያውን ጀመሩ፤ ሁለተኛው ቤት ላይ ቆሙ። ደግመው ጀመሩ፤ እዚያው ቆሙ። ሌላውን ሞከሩ፤ እሱም አልመጣም። እኔ አላበኝ። እሳቸው ግን አልደነገጡም፤ ሳቁ።

“ካስረከብሁህ ወዲህ እኮ ልይዛቸውም አልታገልሁ። ሸክሜን አወረድህልኝ፣ ልጄ” አሉኝ። የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ላፕቶፑ ላይ አሳረፉ። “በል፣ ከዚህ አንብብልኝ።”

ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁ ጀመር። ባትሪው ሙሉ ነበር።