ውሃ የሚጠጣው ምሰሶ

ቢቸና፣ ደጃችን ላይ ትራንስፎርመር የተሸከመ ምሰሶ አለ። የመሬት ሽቦው ምሰሶውን ይዞ ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል። አያቴ፣ ጡረታ የወጡ የመብራት ሠራተኛ፣ በጋ በመጣ ቁጥር እዚያ አፈር ላይ በጀሪካን ውሃ ያፈሱ ነበር።

«ደረቅ መሬት መብረቁን አይውጥልንም፤ በየቤታችን ይገባል» ይሉኛል። እኔ ችኩሏ መቆም ይሰለቸኛል፤ እሳቸው ግን አፈሩ እስኪጠግብ አይነቃነቁም።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «አባባ፣ ምሰሶው መቼ ነው የሚያፈራው?» ይላቸዋል።

«አፍርቶ ሱቅህን እያበራልህ አይደል እንዴ!»

ዘንድሮ የሉም። ከለቅሶው በኋላ ሞጣ ወዳለው ሥራዬ ልመለስ ስወጣ ምሰሶው ስር ያለው አፈር ተሰነጣጥቋል። ልብስ ሰፊው ቆሞ ያየዋል። አልሳቀም።

«አሁን ማን ሊያጠጣው ነው?» አለኝ።

ሚኒባሱ ክላክስ እያደረገ ነበር። የአያቴን ጀሪካን ከደጃችን አንስቼ አስታቀፍኩትና «አንተ!» አልኩት።

ሞጣ ሆኜ ደመና ባየሁ ቁጥር መብረቁን ፈርቼ እደውልለታለሁ።

«አጠጣህ?»

«አጠጣሁ አልኩሽ እኮ!»

አላምነውም። አያቴን መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ በጋውን ሙሉ ጫማቸው ጭቃ ነበር። ቅዳሜ ቢቸና እሄዳለሁ፤ የልብስ ሰፊውን ጫማ አያለሁ።