የሆራስ አጥርና ሁለቱ እርምጃ

ሆራስ ሰግደን የክራግቶርፕ መንደር ራግቢ ሊግ ሜዳ ጠባቂ ከሆነ ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎታል። ሣሩን ያጭዳል፣ መስመሩን ነጭ ቀለም ይቀባል፤ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳለት ግን አጥሩ ነው። በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ የተዘረጋውን ያንን ብረት አባቱ ከድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ጓደኞቹ ጋር ነው የተከለው። ከጎን መስመሩ የሚርቀው በሁለቱም በኩል ሁለት እርምጃ፣ ማለትም ሁለት ሜትር ነው።

የመንደሩ ተጫዋቾች፣ የሆራስ አንድ ልጅ ኔቪልም ጭምር፣ ይህን ከእናታቸው ጡት ጋር ነው የጠቡት። ከመስመር ሲወጡ ሁለት እርምጃ ቆጥረው ቀጥ ይላሉ። እንግዳ አይቆጥርም፤ ምሰሶው ያስቆመዋል። ያን ጊዜ አጥሩን የተደገፈው ተመልካች ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ማፈሪያ ሁላ።

"አጥሩ ማንንም አሳድዶ አያውቅም፣ እነሱ ናቸው የሚመጡበት" ይላል ሆራስ፣ ቃሬዛው በፊቱ ሲያልፍ።

ዘንድሮ ከሊጉ ደብዳቤ መጣ። አጥሩ ከመስመሩ ሦስት ሜትር ካልራቀ ሜዳው ይዘጋል ይላል። የክለቡ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ የምሰሶዎቹ መሠረት የት ድረስ እንደሚወርድ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው ብሎ ነገሩን ለሆራስ ጣለው። ሆራስም አጥሩን ትቶ ሜዳውን አንቀሳቀሰ። መስመሮቹን በሙሉ አንድ ሜትር ወደ ማዶ ገፋቸው። በክለቡ ቤት በኩል ሦስት ሜትር ሞላ፤ በማዶ አንድ ቀረ። ወሬው ባር ከገባ ሊጉ ጆሮ መድረሱ አይቀርም ብሎ ለማንም አልተነፈሰም፤ ለኔቪልም ጭምር።

ቅዳሜ ጠዋት የሊጉ ተቆጣጣሪ በሚያብረቀርቅ ጫማ መጣ። ዝናብ ነበር። በክለቡ ቤት በኩል ለካ፤ ልክ ሦስት።

"ማዶውስ፣ አቶ ሰግደን? እሱንም ልየው?"

"ማዶውማ ያው ነው፣ ልጄ። ጭቃው ግን ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ክለቡ ቤት የጋገርንልህ የሥጋ ፓይም እየቀዘቀዘብህ ነው።"

ተቆጣጣሪው ፈረመ። ፓዩን ሁለት በላ።

ከሰዓት በኋላ በነበረው ጨዋታ ኔቪል ኳሷን ታቅፎ በማዶው መስመር ሲፈተለክ ሆራስ ከወዲህ ቆሞ ነበር። ያኔ ነው የሠራው ሥራ የገባው። ሁለት ተከላካዮች ልጁን ከጎን መጡበት።

"አንድ ነው! ኔቪል፣ አንድ ነው!"

ማንም አልሰማውም። ተጋጣሚዎቹ ኔቪልን ገፍተው ከመስመር አስወጡት፤ የምሰሶው ድምፅ እስከ ክለቡ ቤት ተሰማ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ከተጋጣሚዎቹ አንዱ ካፖርት አስመጥቶ አለበሰው።

ሆራስ ጭቃውን እያቦካ ሲደርስ የልጁ ትከሻ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ወጥሮት ነበር።

"ቆጥሬ ነበር እኮ፣ አባዬ" አለው ኔቪል።

እሑድ ጠዋት ሆራስና የኮሚቴው ሰዎች አካፋና ዲጅኖ ይዘው ወጡ። እግዜር ብቻ ያውቀዋል የተባለው መሠረት አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት አጥሩን ሁሉ ነቅለው፣ አርቀው ተክለው ጨረሱ።