ቅቤ የጠጣ ፍሬን

ዛሬም ሳይክል ቁልቁለት ሲወርድ ካየሁ ፊቴን አዞራለሁ።

አባቴ በወጣትነታቸው ደብረ ታቦር ላይ የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆነው ደብዳቤ በሳይክል ያደርሱ ነበር። ኋላ ወደ ጉና ሥር ተመልሰው ገበሬ ሲሆኑ ሳይክሉ እዚያው ቀረ፤ ወሬው ግን አብሯቸው መጣ። ደወሉ እንዲህ ነበር፣ ኮርቻው እንዲያ ነበር እያሉ አሳደጉን። አረብ አገር ሰው ቤት ሳገለግል፣ ስመለስ ያንን የመሰለ ሳይክል አሠራላቸዋለሁ እያልኩ እራሴን አጽናና ነበር።

ተመልሼም አሠራሁት። የከተማው በያጅ ከሁለት አሮጌ ሳይክሎች አንድ አካል ገጠመልኝ። እሱ ጨረስኩ ሲል የእኔ ጭቅጭቅ ገና መጀመሩ ነበር። የፕላስቲኩን መቀመጫ አስወልቄ የበቅሎ ኮርቻ ከሚሰፋ ሰው ዘንድ የቆዳ አሰፋሁ። ከቁራሌዎች ክምር ውስጥ የነሐስ ደወልና ጎማው ሲዞር የሚበራ የድሮ መብራት አገኘሁ። ፍሬኑንም በሽቦ ፈንታ በብረት ዘንግ የሚሳብ አደረግነው። ፍሬኑ ሲጨበጥ ቸርኬውን የሚይዘው አዲስ ላስቲክ እንኳ ዓይኔን ወጋኝ። አባቴ «ላስቲክ ሲያልቅብን ቆዳ እንቆርጥ ነበር» ያሉት ትዝ ብሎኝ ከኮርቻው በተረፈው ቆዳ አስቀየርኩት። በያጁ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔን ግን ማን ይመልሰኛል።

ሳይክሉን በመኪና ጣሪያ ጭኜ መንደራችን ገባሁ። በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ አውጥቼ ወለወልኩት። እኛ ቤት ቆዳ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ቅቤ ይጠጣል። የእርሻው ጠፍርም የጭነቱ መጫኛም እንደዚያው ነው፤ ካልጠጣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ያደግሁበት ነገር ስለሆነ አላሰብኩበትም። ኮርቻውን በቅቤ አሸሁት፤ በዚያው ጨርቅ የፍሬኑንም ቆዳ ጥግብ እስኪል ቀባሁ።

አባቴ ሲመለሱ ሳይክሉን አይተው ቆመው ቀሩ።

«ምነው ልጄ፣ ይኸን ከየት አመጣሽው?» አሉ። መልሴን አልጠበቁም፤ ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ወጡበት። አውድማውን በቀስታ ዞሩ። እግራቸውን መሬት እያስነኩ ስለነበር ፍሬን አላስፈለጋቸውም። ሦስተኛው ዙር ላይ ቁልቁለቱን ያዙት።

ከደጃችን እስከ አውራ ጎዳናው መንገዱ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። ታች የጭነት መኪና ይመላለሳል። ሲጀምሩ ሣቅሁ። ከዚያ ፍሬኑን ጨበጥ ሲያደርጉ አየሁ፤ ሳይክሉ ግን ጭራሽ ፈጠነ። እጄ ላይ የቀረው ቅቤ ሸተተኝ።

«አባባ! ይውረዱ! ይጣሉት!»

አልሰሙኝም። እናቴ ስትሞት አረብ አገር ነበርኩ፤ መርዶው የደረሰኝ አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ አባቴን ዓይኔ እያየ በገዛ እጄ ልገድላቸው ነው። ሮጥሁ፤ ጫማዬ የት እንደወለቀ አላውቅም። ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። «እመ ብርሃን፣ እመ ብርሃን» ከማለት በቀር ቃል አልመጣልኝም።

ጎዳናው ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ወደ ግራ ጠመዘዙት። ሳይክሉ የታረሰ የድንች ማሳ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። መኪናው እየጮኸ አለፈ።

ስደርስ ትልም ውስጥ ተቀምጠዋል። ክርናቸው ተልጧል፤ አጥንታቸው ግን ደኅና ነው። የፍሬኑን ቆዳ በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

«ማን ነው ቅቤ ያጠጣው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

ቁጣቸውን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ምነው በተቆጡኝ ብዬ ተመኘሁ። እሳቸው ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ላነሳቸው እጄን ዘረጋሁ። አባቴ ሰው ሲደግፋቸው አይወዱም፤ ታመው እንኳ «ልቀቁኝ» ነው የሚሉት። ያን ጠዋት ክንዴን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ፈራሁ፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «አትልቀቂኝ።»

ከእሳቸው አፍ ያንን ቃል ሰምቼ አላውቅም። ወጣትነታቸውን እመልሳለሁ ብዬ ስደክም ከርሜ፣ ማርጀታቸውን ያወቅሁት ገና ያን ጊዜ ነው። ሳይክሉን ማሳው ውስጥ ትተን ዳገቱን ጀመርን። እስከ ደጃችን ክንዴን አልለቀቁም፤ እኔም እንዳይለቁኝ እየፈራሁ ሄድኩ።