እጇን ማውሱ ላይ ያስቀመጥኩላት ልጅ

ይህን እስከ ዛሬ የሰማኝ የለም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ሀና ማርያም ሰፈር ያለው ቤታችን ድረስ እየመጡ ጸበል የሚረጩን የንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ሰምተዋል፤ ይቺን ግን ደበቅኳቸው። "ሌላስ የለም ወይ ልጄ?" ሲሉኝ "የለም አባቴ" አልኩ። ስለዚህ በበደሌ ላይ ውሸት ጨምሬበታለሁ ማለት ነው።

መምህር ነኝ። ላፍቶ አካባቢ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስል ራሴን እታዘበዋለሁ። እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ኪቦርድ እየሳልኩ፣ ይሄ እንዲህ ይባላል፣ ያ እንዲያ ይባላል እያልኩ ሳስገለብጥ ነው የከረምኩት። ግድግዳውን አልፎ ባለው ክፍል አዳዲስ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ተገጥሞላቸው፣ ላስቲክ ለብሰው ተቀምጠዋል። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ለምን አልከፈትኩም? ንብረቱን ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኛ። ቢሰበር ከደሞዜ፣ ቢጠፋም ከደሞዜ። ይህን ምክንያት አስተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ መምህራን ማረፊያ ውስጥ እየተሳሳቅን እናወራዋለን። ሐቁን ልናገር ካልኩ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ያን ሁሉ ልጅ አስገብቶ፣ እያንዳንዱን እጁን ይዞ ማሳየት ልፋት ነው። ሰሌዳ ላይ መሳል ይቀላል። ሰነፍ ነበርኩ። በተግባር ለሚታየው ትምህርት የሚሰጠውን ውጤት ደግሞ ከግምቴ ሞላሁት፤ ለጎበዞቹ አብዝቼ ሰጠሁ፣ ደግ አስተማሪም ተባልኩ።

ከጎበዞቹ አንዷ ወይንሸት ነበረች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። እናቷ ከወላይታ የመጡ፣ ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራው አጠገብ ሸራ አንጥፈው ቲማቲምና ሽንኩርት የሚሸጡ ሴት ናቸው። ያን ዓመት የመልቀቂያ ፈተናው በኮምፒውተር ይሰጣል ተብሎ ነበር። ልጅቷ ይህን ስትሰማ መጣች።

"ቲቸር፣ አንድ ቀን ብቻ ይክፈቱልንና እንንካው" አለችኝ።

ኮምፒውተሮቹን ሊጎበኙ የሚመጡት እንግዶች መጥተው ይሂዱና ከዚያ በኋላ አልኳት።

እንግዶቹ መጡ። ላስቲኩን ገፈፍኩ። ዩኒፎርማቸው ንጹሕ የሆነ ልጆች መርጬ አስቀመጥኩ፤ ወይንሸትን ከፊት አደረግኳት። ቀኝ እጇን አንስቼ ማውሱ ላይ አስቀመጥኩላትና፣ ምንም እንዳትነካ፣ ዝም ብላ ስክሪኑን እያየች ፈገግ እንድትል በጆሮዋ ነገርኳት። እንዳልኳት አደረገች። ፎቶ አነሷት። እንግዶቹ ከግቢ ሳይወጡ ላስቲኩን መልሼ አለበስኩት። ፎቶው በትልቁ ታትሞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰቀለ፤ አንዱ ኮፒ ለእናቷ ተሰጠ። ወይንሸት ከዚያም በኋላ ለመነችኝ። ነገ አልኳት። ሲነጋም ነገ አልኳት።

ፈተናው ደረሰ። የሆነውን ኋላ ከራሷ አንደበት ሰማሁ። ወደሚቀጥለው ገጽ ልሻገር ብላ፣ ፈተናውን ጨርሻለሁ የሚለውን ተጫነች። ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ደንግጣ እሱንም ተጫነች። ፈተናው ተዘጋ። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናችው ሁሉ እዚያው ውስጥ ቀረ።

መውጫ ግን ነበራት። ልምምድ ያላገኘ ተማሪ ካለ፣ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ከጻፈለት በሁለተኛው ዙር መቀመጥ ይችላል ተብሎ ነበር። ወይንሸት እናቷን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ መጣችና ኮምፒውተር ነክታ እንደማታውቅ ተናገረች። እኔ ተጠራሁ። ርዕሰ መምህሩ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ይቺ ልጅ ተለማምዳለች ወይስ አልተለማመደችም?"

አልተለማመደችም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ይህን ካልኩ ግን ክፍሉ ተቆልፎ መክረሙ ይወጣል፤ የሞላሁት ውጤት ፈጠራ መሆኑ ይወጣል፤ ለእንግዶች ያሳየነው ቲያትር መሆኑ ይወጣል። ምክትል ርዕሰ መምህር ለመሆን የተወዳደርኩበት ሰሞን ነበር። ወይንሸት ትኩር ብላ ታየኛለች። አልፈራችም። አስተማሪዋ አይደለሁ? እውነቱን የማውቀው እኔ አይደለሁ?

"ወይንሸት ጎበዝ ናት፤ አሳምራ ትችላለች" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። አፌን ሞልቼ አልኩት። ሌላው ሰው ጠላቱን በሐሜት ይጎዳል፤ እኔ የምወዳትን ተማሪ አሞግሼ ገደልኳት። ወይንሸት አንገቷን ደፋች። ዋሸ አላለችም። አስተማሪ ዋሸ አይባልም ብለን ያሳደግናት እኛው ነን። እናቷ ፎቶውን ደጋግመው አዩትና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ይኸው ተቀምጠሽበት። ምነው በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?" አሏት። ደብዳቤው አልተጻፈም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። አይጡ እኔ ነኝ።

ሹመቱን አገኘሁ። ቁልፉን ለአንድ ወጣት መምህር አስረከብኩ፤ እሱ ክፍሉን በየቀኑ ይከፍተዋል። ልጆቹ እየተጋፉ ሲነኩት፣ ሲሳሳቱ፣ ሲስቁ ቢሮዬ ድረስ ይሰማኛል። እስካሁን አንድም አልተሰበረም።

ወይንሸት ጀሞ አንድ ልብስ መሸጫ ተቀጥራለች። ከእናቷ ጋር አትኖርም። እናቷ ያን ፎቶ ቤታቸው ሰቅለውት፣ በተጣሉ ቁጥር ጣታቸውን ወደሱ ይቀስሩባት ነበር አሉ። ውሸታም መባሉ ሲሰለቻት ወጣች። ፈተናው አንድ ነገር ነው፤ እናቷን የወሰድኩባት ግን እኔ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማለሁ። ይሄኛው እያደር አልጠራም። የሚያጠራው ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በየቀኑ በእናቷ ፊት ያልፋል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን በድያችሁ? ለእናንተ የነገርኳችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ይህም ያው የድሮው ፍርሃቴ ነው። መናገር የነበረብኝ እዚያ ሸራ አጠገብ ነበር።

ትናንትም ከታክሲ ወርጄ እሳቸው ዘንድ ቲማቲም ገዛሁ። ስለ ልጃቸው ጠየቅኳቸው፤ አዎ፣ ይህንንም ደፍሬ እጠይቃለሁ።

"እርስዎ ምን ያድርጉ? እርስዎማ ማሽኑ ላይ አስቀምጠዋት ነበር። ጌታ ይባርክዎ" አሉኝ።

ከመዘኑልኝ ላይ ሁለት ፍሬ መረቁልኝ። ተቀብዬ፣ አመስግኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።