አባቴን ድንጋይ ያሸከመ ዓይን

ዛሬ ጠዋት ልጄ ሙላት የግላኮማዬን ጠብታ ዓይኔ ላይ ሲያደርግልኝ፣ "አንተስ መቼ ነው ደብረ ታቦር ሄደህ የምትታየው?" አልሁት። ሐኪሟ "በዘር ይሄዳል፤ ልጆችዎም ይታዩ" ካለችኝ ክረምቱ አልፎ በጋው ገብቷል።

"እማዬ፣ ይተዉኝ እንጂ። እኔ እኮ መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ።"

አባቴም ማዶ ተራራ ላይ ያለች ፍየል ነጭ ትሁን ቡላ ይለዩ ነበር።

ያኔ አሥር ዓመት ይሁነኝ አሥራ ሁለት እንጃ፤ ብቻ እጄ አያርፍም። አባቴ ከአውድማ ሲመለሱ እናቴ ትኩስ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ታቀርብላቸዋለች። ከፊት ሆኜ እጄን ከሰደድሁ አለንጋ አለ። አንድ ቀን በግራ ጎን ሰደድሁ፣ ዝም። በቀኝ ሰደድሁ፣ ዝም። እሳቸው ማዶ ማዶ እያዩ ይቆረጥማሉ፣ እኔም አጠገባቸው እቆረጥማለሁ። በጎን በኩል እንደማያዩ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ታዲያ ብናገር ቆሎው ሊቀርብኝ አይደል?

በጥር፣ አህያዋን ገብስ ጭነን አርብ ገበያ ወጣን። መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። ገበያው መሀል፣ ሰው ሲጯጯህ አህያ ሲያናፋ፣ ጎረቤታችን አያ ደሴ በጎን መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ ጥለዋቸው አለፉ። እጃቸው አየር ላይ ሲቀር አይቼ ሳቄ መጣ።

በእኛ አገር የተዘረጋ እጅ መተው ከስድብ ይከፋል። በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀመጠ።

"አላየሁህም ደሴ፣ እመቤቴን" አሉ አባቴ።

"የማዶ ፍየል የሚለይ ሰው ክንዱ ሥር ያለሁትን አጣኝ? ሁለተኛ ጥማድ በሬ ስትገዛ ነው እንግዲህ ዓይንህ የጠፋው።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከዚያ ሁሉ ጢም መሀል "እስቲ ዓይንህን ምን ሆንህ?" ያለ አንድ አልተገኘም። በደለኛ ነህ ተባሉ። አባቴ በጫንቃቸው ድንጋይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው "ማረኝ" አሉ። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ አያለሁ። አንዲት ቃል አፌ ላይ ነበረች። ብናገር "እንዴት አወቅሽ?" ይሉኛል፣ ሌብነቴ ይወጣል። ዋጥኋት።

ከዚያ ወዲያ ጨለማው ከጎን ከጎን እየገፋ መጣ። ሕመም የለው፣ መቅላት የለው። እኔ ሳገባ ፊቴን በእጃቸው ዳብሰው ነው የመረቁኝ።

ያን ጊዜ ብናገር የዓይን ሐኪም በቅርብ ይገኝ ነበር? እንጃ። ድንጋዩን ግን አይሸከሙም ነበር። የእኔን በሽታ ሐኪሟ ስትነግረኝ፣ ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት በርትቶ የዓይንን ጅማት ይጎዳል አለች። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የተረፈችውን ለመጠበቅ ነው። እኔም በጎን ማየቱን ያጣሁት ሳላውቀው ነው።

አሁን ሐኪሙ አለ፣ ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር መኪናው በየቀኑ ይሄዳል፣ የእኔ ልጅ ደግሞ ሥራ በዝቶበታል። ዛሬ ለአባቴ ያልነገርኋቸውን ለእሱ ነገርሁት፣ የቆሎውን ስርቆት ሳይቀር። ምሳ ላይም ደገምሁለት። ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ክንድህን ይዤ እሳፈራለሁ አልሁት። አፍጥጦ አየኝ።

ያፍጥጥ። የሚያፈጥጥበት ዓይን ገና አለው።