የመንደራችን ጭስ

ልጅ እያለሁ የጠዋት ሥራዬ እሳት መጫር ነበር። መንደራችን ደሃና ወረዳ ውስጥ ናት፤ ከአምደወርቅ ግማሽ ቀን በእግር ተሂዶ፣ ከአንድ አፋፍ ቁልቁል ይወረዳል። መንደር ብዬ ላጋንናት እንጂ እዚህም እዚያም ጉብታ ላይ የተቀመጡ ጥቂት የሳር ቤቶች ነበሩ። ክብሪት በቀላሉ ስለማይገኝ ደህና ባልትና ያላት ሴት ማታ ፍሟን በአመድ ዳፍና ታሳድራለች። የእናቴ እሳት ግን ማደር አይሆንለትም ነበር። ገና ሲነጋ የሰባራ ማሰሮ ገል አስይዛ «ሂጂ፣ አክስትሽ ቤት ጫሪ» ብላ ትልከኛለች። የአክስቴ የወለላ እሳት ጠፍቶ አያውቅም።

ፍሙን በገሉ ይዤ፣ ቁራሽ ኩበት ደርቤበት፣ እፍ እፍ እያልኩ ስመለስ ጭሱ ያስለቅሰኛል። ልብሴም ፀጉሬም ኩበት ኩበት ይሸታል። ሁላችንም እንደዚያው ስለምንሸት ማንም ማንንም አይጠየፍም ነበር። እንዲያውም አንዱ ጨዋታችን ዓይን ጨፍኖ በጠረን ብቻ የማን ቤት ልጅ እንደሆነች ማወቅ ነበር። ወይራ የሚነድበት ቤት ልጅ ሌላ ነው ጠረኗ፣ ጽድ የሚነድበት ሌላ። እኔ የምሸተው እንደ አክስቴ ቤት ስለነበር ሁሌ ያምታታቸው ነበር።

ጭስ ለእኛ የሰው ወሬም ነበር። ቤቶቹ ስለሚራራቁ ጠዋት ጠዋት እየዞረ ደህና አደራችሁ የሚል የለም፤ ጣሪያውን ማየት ይበቃል። ጎረቤታችን አያ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ይቆሙና፣ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ለብቻቸው እያጉተመተሙ ቤቶቹን በዓይናቸው ያዳርሳሉ። አንድ ጉም የወረደበት ጠዋት ከዘራቸውን ዘርግተው «የዚያች ሴትዮ ቤት ዝም ብሏል» አሉ። ብቻዋን የምትኖር መበለት ነበረች። ጎረምሶች ሮጠው ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆይ ከጉሙ ውስጥ እሪታ ተሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስነሣ መጀመሪያ የማየው ጣሪያ ሆነ። ያልጨሰ ቤት ካለ እስኪጨስ ድረስ ቁርሴ አይወርድልኝም ነበር።

አድጌ፣ እናቴንም ቀብሬ፣ ሰቆጣ ገባሁ፤ ልብስ ስፌት ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ፈታሁ። መንደራችንም ልጆቿን እያወጣች ትሰጥ ጀመር፤ አንዱ ለከተማ፣ አንዱ ለዓረብ አገር። የአክስቴ አንድያ ልጅ ሲሳይም ዓረብ አገር ሄደ። የተመለሰው በጦርነቱ ሰሞን ነበር። ያኔ የመንደሩ ሰው ገደል ሥር ካለ ዋሻ ተሸሽጎ፣ ጭሱ ያጋልጠናል ብሎ እሳት ከተወ ሰንብቷል። ሲሳይ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ አንድም ቤት አይጨስም። ሌላ አገር ያደገ ሰው ቢሆን ወርዶ ያንኳኳ ነበር። እሱ ግን እኛ ዘንድ ያደገ ልጅ ነው፤ የማይጨስ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እያለቀሰ ሲመለስ አንድ የሌላ ደብር ቄስ መንገድ ላይ አገኙት። «አልቀዋል፤ አንድ ጭስ የለም» አላቸው። እሳቸውም እውነት መስሏቸው አጽናንተው ሸኙት። ከዚያ ወዲህ ሲሳይን ያየም፣ ድምፁን የሰማም የለም። ይህንንም ያወቅነው ቄሱ በኋላ ሲነግሩን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የተረፈውም ሰው ተበተነ። አክስቴ ብቻዋን ቀረች ሲሉኝ ላመጣት ተነሣሁ። አምደወርቅ ድረስ በሚኒባስ ሄጄ፣ መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አድሬ፣ በጠዋት አፋፉ ላይ ደረስኩ። ቁልቁል ሳይ ሁሉም ቤት ይጨሳል። የእኛ ቤት፣ የአያ ሞላ ቤት፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሳይቀር። ልክ እንደ ልጅነቴ! ተመልሰዋል አልኩ፤ ደስታ ሲይዘኝ እንደ ጥጃ መዝለል ልማዴ ነው፣ ቁልቁለቱን ሮጥኩት።

ግማሽ መንገድ ላይ ነው ነገሩ ያልጣመኝ። የሚጮህ ውሻ የለም። የሚያለቅስ ሕፃን፣ የሚሳል ሽማግሌ የለም። የውሃ መንገዱን ሣር ውጦታል። ጭሱ ግን ከየጣሪያው ቀስ ብሎ ይወጣል። ስሙን ጠርቼ የማማትብበትን መልአክ ሁሉ ጠራሁ። ይሄኔ ከአያ ሞላ ቤት ሰው ወጣ፤ እሳቸው ደግሞ ከሞቱ ዘመን ሆኗቸዋል። አክስቴ ነበረች፣ ገሏን ይዛ።

«መጣሽ?» አለችኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። «በይ ነይ፣ ሳይረፍድብኝ ልጨርስ።»

ተከተልኳት። የምታነደው የፈረሱ አጥሮችን እንጨት ነው። እያንዳንዱ ደጃፍ ላይ ቆማ «ቤቶች!» ብላ ትጣራለች። የተኛ ሰው ተነሥቶ ነጠላውን እስኪያጣፋ ያህል ትጠብቅና ነው የምትገባው። ጎረቤታችን የነበሩት እማማ ስንዱ ቤት ስንገባ መደቡ ላይ ቁርበቱ እንደተነጠፈ ነው። እማማ ስንዱ ተቀብረዋል፤ ልጃቸው ምናሉም ከአገር እንደወጣ ቀርቷል። ምድጃው ሥር ስንበረከክ እጄ አመዱን ነካ። ለብ ብሏል። ዘልዬ ተነሣሁ።

«ትናንት ያነደድኩት ነው። ማን መሰለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋን ስሰማ ቀለል አለኝ፤ ጀርባዬን ለመደቡ መስጠት ግን አልሆነልኝም።

«አክስቴ፣ ይህ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለሲሳይ ነዋ። የኔ ቤት ብቻ ቢጨስ ምን ብሎ ይወርዳል? ሁሉም ሲጨስ ነው አገር አለ የሚለው።»

«ሰቆጣ ሆነሽ ጠብቂው። ጠይቆ ያገኝሻል።»

«ባለፈው መጥቶ ማንን ጠየቀ?» አለችና ፍሙን እፍ አለችው።

ለምኜ ለምኜ አቃተኝ። በማግስቱ ጠዋት እያለቀስኩ ብቻዬን ዳገቱን ወጣሁ። አፋፉ ላይ ስደርስ አንድ ሰው ሻንጣውን አስቀምጦ ቁልቁል ያያል። ሲሳይ ነው ብዬ ሮጥኩ። ዞር ሲል ግን ሌላ ሆነ። ጎልምሷል፣ ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ያም ሆኖ ምናሉን አልሳትኩትም፣ የእማማ ስንዱን ልጅ። እሱ አላወቀኝም። ጉንጮቹ በእንባ ርሰዋል፣ ፊቱ ግን ይስቃል።

«እቴ፣ እይልኝ! ያ የእናቴ ቤት ነው። ሞታለች ብለው ዋሽተውኛል።»

እውነቱን ብነግረው ሻንጣውን አንሥቶ እንደ ሲሳይ ሊሄድ ነው። ዝም ካልኩት ደግሞ ወርዶ የሚያገኘውን አውቃለሁ። አክስቴ እዚያ ታች ብቻዋን ጎንበስ ቀና ስትል ታየችኝ።

«ውረድ» አልኩት። «ሰው አለ።»

ሻንጣውን አንሥቶ እየሮጠ ወረደ። እኔ መሄድ አቅቶኝ እዚያው ቁጭ አልኩ። ድሮ አያ ሞላ ከደጃፋቸው ሆነው የሁላችንንም ማደር ያውቁ ነበር፤ አይተው ተሳስተው አያውቁም። ዛሬ ሰቆጣ የማበስለው በኤሌክትሪክ ነው፣ ጣሪያዬም ቆርቆሮ ነው። ጠዋት አልነሣ ብል ደንበኞቼ ቀጥረሽን ጠፋሽ እያሉ ከመሳደብ በቀር የሚጠረጥር የለም። ያኔ ጭስ አይዋሽም ነበር። አሁን በአንዲት አሮጊት እጅ ይዋሻል፤ እኔም አብሬው ዋሽቻለሁ፣ እንዲህም ሆኖ አልቆጨኝም።

ምናሉ እናቱ ቤት ገብቶ ቆየ። እሪ ይላል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። አክስቴ ከላይኛው ቤት ብቅ ብላ አየችውና ገሏን ከነፍሙ መሬት ላይ ጣለች። እንደዚያ ስትሮጥ በልጅነቴም አይቻት አላውቅም። ደርሳ አቀፈችው። «ሲሳይ» ብላው ይሁን «ምናሉ»፣ ከዚያ ርቀት አልሰማሁም። እሱም አቀፋት። ሻንጣውን እሷ አነሣችና ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች።